በኅዳር ሚካኤል የተገጣጠመው ማሽን

«ጌም ቤት ሁሉ ሊታሸግ ነው አሉ» ይላሉ እትዬ ዓባይነሽ። መጀመሪያ ይህን የሰሙት ቦኖ ውሃ ሲቀዱ ነበር፤ ከዚያ ነጋሪዋ የፖሊሱ ሚስት ሆነች፣ ቀጥሎ የሰንበቴያቸው ሙሴ። ዛሬ፣ በኅዳር ሚካኤል ማለዳ፣ ወሬውን ያመጣው የቡሬ ሚኒባስ ረዳት ነው። ነጋሪው ይቀያየራል እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ቡሬ ላይ አሽገዋል፣ የእኛ ፍኖተ ሰላም ደግሞ ነገ ነው። «ነገ» ማለት ከጀመሩ ወር ሊደፍኑ ነው። «ማን አየ እትዬ?» ስላቸው «ሰው ነዋ» ይሉኛል፣ ሰው የሚባል አንድ የታወቀ ጎረቤት ያለን ይመስል። የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። ወሬ ግን እንደ ዶሮ ታቅፈው ነው የሚያስፈለፍሉት፤ ከሥራቸው የወጣውን ጫጩት ሁሉ አጎቴ ጋሼ ይታገሱ ለቅመው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ።

የዛሬው ወሬ የደረሰኝ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ ማሽኔን፣ የጌም ኮምፒውተሬን፣ ስደባብስ ነው። ማሽን ስል ገና ማሽን አልሆነም፤ በተዘረጋ ካርቶን ላይ በየራሱ የተኛ ዕቃ ነው። ማዘርቦርዱን ባሕር ዳር ከከሰረ ኢንተርኔት ቤት አገኘሁት፤ ፕሮሰሰሩ አብሮት መጣ። ራሙን ከዚህም ከዚያም ለቃቀምኩ። ፓወር ሰፕላዩን ስገዛ ሻጩ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት ሲያነብልኝ እኔ በመዳፌ እመዝነው ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በበሬ ቀንድ የሚደነቅ ገዢ ሲያይ ይስቅ ነበር፤ እሱ ሰኮናውን ነበር የሚያነሣው። ፓወር ሰፕላይም እንዲያው ነው፤ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፣ ከቀለለ ሆዱ ባዶ ነው፣ የእኛ አገር መብራት አንዴ ዘሎ ሲመለስ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይሞታል። የዕቃዎቹ ሁሉ አውራ ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ የኳሱና የመኪናው ጨዋታ ሳይንቀጠቀጥ የሚሄደው በእሱ ነው። እሱም ትናንት አመሻሽ በአዲስ አበባ አውቶብስ ሾፌር ወንበር ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ገባ፤ ገና ሳልፈታው መብራት ሄደ። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፣ ለመኩራራት ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ ሲያንሰኝ ቤተሰቡ የሠርክአዲስ ነገር አበቃለት ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገበያው ዳር ጃንጥላ ዘርግቼ ስልክ እየጠገንኩ፣ ቡሬ ድረስ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልኩ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ አነበብኩ። ጃንጥላ ግን ዝናብ እንጂ አቧራ አይከለክልም። ሰው በሰዓት እየከፈለ ለሚጫወትበት ለዚህ ማሽን በር ያለው ክፍል ያስፈልገዋል። ክፍሉ ደግሞ አለ፤ የአባቴ ቤት የፊት ክፍል፣ በሩ ወደ አስፋልቱ የሚከፈት፣ ልብስ ሰፊው ከለቀቀው ወዲህ ባዶውን ያለ።

ከመስኮቱ ውጭ ጭስ አለ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከተማው በየደጁ ቆሻሻውን ከምሮ ለኩሷል፣ ከላይ ሰፈር እስከ መናኸሪያው ሰማዩ ግራጫ ሆኗል። ጋሼ ይታገሱ ግቢያችን ውስጥ እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሱ ለእናቴ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነው፤ እሳቸው ዝቅ ሲያደርጉ የሚቀንሰው ለጎረቤት ብቻ ነው።

«ሴት ልጅ አስፋልት ዳር ክፍል ይዛ የጎረምሳ መናኸሪያ ልታደርገው? ዓባይነሽ የምትለውን ሰምተሻል። ክፍሉን ለበርበሬ መጋዘን የጠየቀኝ ተስፋው የተከበረ ነጋዴ ነው። በርበሬ አይጮህ፣ አይማታ፣ ፖሊስ አይጠራ።»

እናቴ «ቃል ሰጥተዋታል፣ አያ» አለች።

«ቃሌማ ቃል ነው። ይህ ጉዳይሽ ሥራ ከሆነ፣ ዛሬ ተስፋው መጥቶ ሳይሄድ ማሽኑን አስነሥተሽ አሳዪኝ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው ብያታለሁ። ነገ ጭነቱ ስለሚገባ ዛሬ ያላየሁትን ነገ አላይም።»

እናቴ ወደ ሊጧ ተመለሰች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የዚህን ቤት ነገር የሚቆርጡት ወንድሟ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ነጠላ ተከናንባ ትኖራለች። ወጥቼ የፊቱን ክፍል ከፈትኩት። አንድ ማዳበሪያ በርበሬ ጥግ ላይ ቆሟል። ከአፉ የሚወጣው ሽታ ከወዲሁ ግድግዳውን ይዞታል። «ለጊዜው ነው» አሉኝ ጋሼ ይታገሱ ከኋላዬ። ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ ወንበር ላይ ኮፍያውን እንደሚያኖር ማለት ነው።

ተመልሼ ካቻቢቴዬን ሳነሣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ለዝክሩ ነጭ ለብሳለች፣ እጇ ላይ ገና የሊጥ ርዝራዥ አለ።

«ሠርኬ፣ ብረቱን አስቀምጪ።»

«እማዬ፣ ዛሬ ነው እኮ የተባልኩት።»

«ዛሬ ሚካኤል ነው።»

ይህን ስትል የምትናገረው ስለ ቀን መቁጠሪያ አይደለም። ምጥ ሲጠናባት፣ ሰዎቹ የቃሬዛ እንጨት ሲፈልጉ፣ ለኅዳር ሚካኤል ተስላ ነው የወለደችኝ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ትዘክራለች፤ በዚህ ቀን ቤታችን ውስጥ መርፌ እንኳ ክር አይገባለትም። እኔ ራሴ የስለቱ ማስረጃ ነኝ፤ ከማስረጃ ጋር ደግሞ ክርክር የለም። ቢሆንም ተከራከርኩ። ቤት ሊከራይ በሚካኤል ቀን ከቡሬ የሚመጣው ነጋዴስ ምን እየሠራ ነው? አልኳት። «እግሩን ሊያፍታታ ነው» አለች፣ አጎቴ ያስጠኗትን። ቆሻሻ ማቃጠሉስ? እሱ ልማድ ነው። ጠላ መቅዳቱስ? እሱ ዝክር ነው። ሁሉም ነገር ስም አለው፤ ስም ያጣው የእኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ድምጿ ለዘብ አለ። «ጨዋታ ቢሆን ምን ቸገረኝ? ልጆቹ በበዓል ይጫወቱ የለ? ሥራ ከሆነ ግን በቤቴ አይሆንም። አባ ይምጡና የሚሉትን ይበሉ።»

እዚያ ላይ ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልተሟገትኩት ሰው የለም። እትዬ ዓባይነሽ «መቼ ነው ይህን ጨዋታ ትተሽ ሥራ የምትይዢ?» ባሉ ቁጥር «ጨዋታ አይደለም፣ ሥራ ነው» እላለሁ። ለጋሼ ይታገሱ፣ ለጎረቤት፣ ለዕድር ዳኛው ብያለሁ። ክፍሉ እንዲሰጠኝ ሥራ መሆን አለበት። ዛሬ እንድገጣጥመው ደግሞ ጨዋታ መሆን አለበት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ቤቱን ሞላው። አባ ወልደ ሥላሴ፣ የነፍስ አባታችን፣ ከላይ ተቀምጠው ዳቦውን ባረኩ፤ ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ከዚያ አቶ ተስፋው ገቡ። የጠበቅኩት ቦርጫም ነጋዴ ነበር፤ የመጡት ቀጭን፣ የሚያስላቸው፣ ጋቢያቸውን እንደ ሙሽራ የሚሰበስቡ ሰው ናቸው። ጋሼ ይታገሱ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላቸው።

«ዘንድሮ በርበሬ እንዴት ነው?» አሉ አንድ የማኅበር ሰው።

«ይመስገን፣ ኪሎውን ከሃምሳ ብር በታች የሚነካው የለም። ያው ገዢው አዲስ አበባ ነው የሚያስለው፣ እኔ ቡሬ» አሉ፣ ሰውም ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ የማልፈልገው ሰው ቀልድ ሲችል ይከፋኛል።

ነገሩን ያነሡት እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። «አባ፣ ይቺ ልጅ በሚካኤል ቀን ያንን የጌም ነገር ልትገጥም ነው። ሊታሸግም ነው አሉ። ይፈቀድላታል?» ኩባያዎች ባሉበት ቆሙ። እናቴ ማሰሮውን እንደታቀፈች ቀረች። ጋሼ ይታገሱ ጣሪያውን ያያሉ፣ የፊታቸው ጡንቻ ግን ተሰብስቧል። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም፣ መጀመሪያ መስቀላቸውን ከጉልበት ወደ ጉልበት ያዛውራሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ሠርክአዲስ፣ ምንድን ነው ነገሩ? ሥራ ነው ጨዋታ?»

 ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከጓዳ የምጣድ ክዳን ተሰማ። ሥራ ነው ብል አባ ይከለክላሉ፣ እናቴ ትቆልፋለች፣ አቶ ተስፋው ባዶ ክፍል አይተው ለኪራዩ እጅ ይጨብጣሉ። ጨዋታ ነው ብል ማሽኑ ይነሣል። ማሽኑ ከተነሣ ደግሞ፣ ብዬ አሰብኩ፣ አፍ ይረሳል፣ ዓይን አይረሳም። ስንት ዓመት የተሸከምኩትን ቃል በሰው ፊት አወረድኩት።

«ጨዋታ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ተጫወቺ» አሉ፣ ዳቧቸውንም አነሡ። እናቴ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ጋሼ ይታገሱ ጠላቸውን አንስተው ጠጡ፣ ሲያስቀምጡም ፂማቸውን በጣታቸው ጠረጉ። ያኔ ማየት ነበረብኝ።

ካርቶኑን አቅፌ ፊት ክፍል ገባሁ፤ ዝክሩ ተከትሎኝ መጣ። ጠረጴዛው የልብስ ሰፊው ነው፣ መቀስ የጫረው፤ የሳሎኑን ቴሌቪዥን አምጥቼ ዳሩ ላይ አቆምኩ። ማዘርቦርዱን ከነካርቶኑ አኖርኩት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ነጩን ቅባት የምስር ፍሬ ያህል አድርጌ ማራገቢያውን ጫንኩበት። በከተማው ውስጥ ለዚህ የጥርስ ሳሙና የሚቀባ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ማሽኖቹ ይጠሩታል። ራሙን ሰካሁ፣ ጨዋታዎቹ የተጫኑበትን ሃርድ ዲስክ ሰካሁ፣ ፓወሩን ሰካሁ። ከዚያ ካርዱን ዕቃው ሁሉ በሚገባበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ለካሁት፤ በሁለት ጣት ያህል ረዝሞ ከሃርድ ዲስኩ መቀመጫ ጋር ተጋጨ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ጉልበቱን መርጬ ቁመቱን ሳልጠይቅ አስመጣሁት። መፍትሔው የብረት መጋዝ ነው፣ ነገር ግን በሚካኤል ቀን፣ በእናቴ ፊት፣ ብረት እየጋዝኩ ጨዋታ ነው ልል አልችልም።  ሳጥኑን ወደ ጎን ገፋሁት፤ ካርዱን ሰክቼ ማሽኑን ራቁቱን፣ እዚያው ካርቶኑ ላይ አቆምኩት።

«ሳጥኑ ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ ይታገሱ።

«ሞቆት ነው» አልኩ።

የማስነሻ ቁልፉ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ የካቻቢቴውን ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ በቆሙት ሁለት የማስነሻ መርፌዎች ላይ ማስነካት ነበረብኝ። እናቴ «በስመ አብ» አለች። ማራገቢያው ዞረ፣ ሰው ወደ ኋላ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ማሽኑ በረጅሙ ጮኸ፣ አረፈ፣ ደግሞ ጮኸ። አቶ ተስፋው አስነጠሳቸው። «እያለቀሰ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ ዓባይነሽ። ጋሼ ይታገሱ ወደ አቶ ተስፋው ጠጋ ብለው ስለ ወለሉ እርጥበት ማውራት ጀመሩ፣ ማዳበሪያዎቹ በእንጨት ላይ ይቆሙ ወይስ እንዲሁ። ጩኸቱን ግን አውቀዋለሁ፤ የራም ጩኸት ነው። ነቅዬ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ፈገፈግኩት፣ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ካቻቢቴውን አስነካሁ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ብርሃን መጣ። ትንሽ ቆይቶ መንገድ፣ መንገዱ ላይ ቀይ መኪና፣ ከመኪናዋ በላይ ሰማይ፤ በመኪናዋ ቆዳ ላይ ደመናው ሳይቆራረጥ ሲያልፍ ይታያል። ይህን ነበር ስፈልግ የኖርኩት፣ ያንን ደመና።  አባ ወልደ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንገታቸውን አሰገጉ። አቶ ተስፋው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው «እስቲ» አሉ፤ ኪቦርዱን ሰጠኋቸው፤ መኪናዋን ወስደው ከግድግዳ ጋር አጋጯት፣ እንደገና ወስደው አጋጯት።

«ይቺ ደግሞ ከእኔ አይሱዙ ትብሳለች፣ ፍሬን የሚባል አልፈጠረባትም» አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እናቴም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ። የእናቴን ጥርስ ካየሁ ቆይቼ ነበር። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ክፍሉ የእኔ ነው። ጠረጴዛውን በየት በኩል እንደማዞር፣ አግዳሚውን የት እንደማኖር ሁሉ አየሁት።

«ሠራ» አሉ ጋሼ ይታገሱ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው። «ዓይኔ አይቷል፣ አልክድም። ጎበዝ ልጅ ነሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን የእውነት ዝቅ አደረጉ። «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ክፍሉን እሰጥሻለሁ ያልኩት ሥራ ነው ስላልሽኝ ነው። ቅድም በአባ ፊት ጨዋታ ነው አልሽ። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ለነፍስ አባትሽ፣ በስለትሽ ቀን፣ እናትሽ በዘከረችበት ቤት ዋሽተሽ ከሆነ እዚሁ ንገሪን። ካልዋሸሽ ደግሞ፣ ልጄ፣ ለጨዋታ የአስፋልት ዳር ክፍል የሚሰጥ አጎት የለም።»

ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል። በዚያች ሰዓት ግን አፌ ውስጥ የነበረው የበርበሬ ሽታ ብቻ ነው። ዋሽቻለሁ ለማለት እኔ አልፈራም ነበር፤ ዞሬ እናቴን አየኋት። ሳቋ ፊቷ ላይ ገና አልደረቀም፣ ዓይኖቿ ግን ይለምኑኛል። ክፍሉን አልነበረም የምትለምነኝ፤ በስለቷ ቀን ለአባ ዋሸሁ እንዳልል ነው። በጣም በትንሹ፣ ሌላ ሰው እንዳያይባት፣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አባ መሬቱን ያያሉ፤ ያልተጠየቁትን አይናገሩም።

«አልዋሸሁም» አልኩ።

አቶ ተስፋው አፈሩ። «እኔ እኮ ሌላም ቤት አላጣም፣ ልጅቱ…» ብለው ጀመሩ፤ ጋሼ ይታገሱ እጃቸውን ጨብጠው ወደ በሩ ይዘዋቸው ሄዱ፣ ወለሉን በእርምጃ እየለኩላቸው። ሰው አንድ በአንድ ወደ ጠላው ተመለሰ። እናቴ የተፈናጠረ ብሎን ከመሬት አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና እሷም ወጣች። ማሽኑን አጠፋሁ። ካርዱን በፎጣው ጠቀለልኩ።

አባ ሲነሡ ጃንጥላቸውን ይዤ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው፤ ይህ ሁልጊዜም የእኔ ድርሻ ነው። የየደጁ ክምር ከስሏል፣ አስፋልቱ ላይ አመድ ይንከባለላል። መስቀል ተሳለምኩ። ጃንጥላውን ሲቀበሉኝ አልሄዱም።

«ጨዋታ ነው ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

«ሥራ ነው ብል ይከለክሉኛል ብዬ ነው፣ አባ።»

መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

«ዛሬ ከቅዳሴ በፊት ባለወፍጮው እጅጉ መጥቶ ነበር። የወፍጮው ማዞሪያ ቺንጋ ተበጥሶ ገጠሬው እህሉን ይዞ ደጅ ሊያድርበት ነው። ሂድና ቀጥለው፣ ሚካኤል የሰው እንጀራ አይከለክልም አልኩት። ለእንጀራዬ ነው ብትዪኝ ኖሮ ለአንቺም የምለው ይህንኑ ነበር።»